ከመጠጥ ለመላቀቅ ቡድን የምትፈልጉ፣ ጠይቁኝ

መጠጥ ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ቡድን ቀይሬያለሁ፤ የመጨረሻውንማ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ነው የጀመርነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን ግን ሳልደብቅ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በአካባቢዬ ቡድን መኖሩን እንኳ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ባጭሩ ኤኤ የሚባለው ማኅበር፣ ድረ ገጹ ላይ በየአገሩ ያሉትን ቡድኖች መፈለጊያ አለው። እዚያ ካጣህ የአእምሮ ሕክምና ወይም የሱስ ክፍል ያለው ሆስፒታል ደውል። ነርሶቹን ጠይቅ፤ ማን የት እንደሚሰበሰብ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ከመሄድህ በፊት ግን ቦታውንና ሰዓቱን አረጋግጥ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ያረጀ መረጃ ይዤ ሄጄ የተቆለፈ በር ፊት ግማሽ ሰዓት ተገትሬያለሁ። ከዚያ ወዴት እንደሄድኩ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ በየቀኑ እጠጣለሁ፤ ጠዋት ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ አቁሜ ነገ ቡድን ብገባስ?

መልስ፦ እንዳታደርገው ወንድሜ! መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ። አንጎልህ መጠጡ ሲያደነዝዘው ስለኖረ፣ ያንን ለማካካስ ራሱን ከልክ በላይ ማንቃት ለምዷል። መጠጡ በአንዴ ሲቀር ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይሆናል። መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ሊከሰት ይችላል፤ ከዚያ ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባል፣ ሰው የሌለ ነገር የሚያይበትና ካልታከመ ሊገድል የሚችል ነገር አለ። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ አንተ ላይ ይድረስ አይድረስ ግን ቤትህ ተቀምጠህ የምትሞክረው ነገር አይደለም። ሐኪም በመድኃኒት ያሳልፍሃል። ቡድኑ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?

መልስ፦ እሱስ እዚያ ምን ይሠራል? ይልቅ ስብሰባው ክፍት ነው ዝግ ብለህ ጠይቅ። ክፍት ከሆነ ቤተሰብም ተማሪም ሊገባ ይችላል፤ ዝግ ከሆነ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ብቻ ናቸው። የአባትህን ስም የሚጠይቅህ የለም።

ጥያቄ፦ ማውራት ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። «ዛሬ ልስማ» በይና ተቀመጪ። እኔ አፌን የከፈትኩት በአምስተኛው ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ሃይማኖተኛ አይደለሁም። ኤኤ ውስጥ የፈጣሪ ስም ይበዛል ይባላል።

መልስ፦ እውነት ነው፤ የኤኤ መመሪያ በሆኑት 12ቱ እርምጃዎች ውስጥ ፈጣሪ ተደጋግሞ ይነሳል። «እኛ እንደተረዳነው» የሚል ማለፊያ አብሮት አለ፤ ብዙ የማያምኑ ሰዎችም በዚያ ማለፊያ ገብተው ይኖራሉ። ካልዋጠልህ ስማርት ሪከቨሪ የሚባለውን ሞክር፤ እዚያ ስለ ጉጉትና ስለ አስተሳሰብ ልማድ ነው የሚወራው። በነገራችን ላይ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን አይቶ፣ የኤኤን መንገድ የተከተሉ ሕክምናዎች ሰውን ከመጠጥ አርቆ በማቆየት ከሌሎቹ እንደማያንሱ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጡ ጽፏል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዳንተ አፍንጫዬን ነፍቼ ነበር።

ጥያቄ፦ አንዴ ሄጄ ነበር፤ አስጠላኝ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያለቅሳሉ።

መልስ፦ አንድ ቀን ሄደሽ የፈረድሽው በዚያ ምሽት ላይ ነው። ቡድኑን ገና አላየሽውም። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሰዓት ሂጂ፤ የማታውና የጠዋቱ የተለያየ ሰው ነው የሚመጣበት፤ የሴቶች ብቻ የሆነም አለ። የእኔ ምክር አምስት ስድስቴ ሳትሞክሪ አትወስኚ ነው። ደግሞ ስብሰባው እንዳለቀ አትሮጪ! ዋናው ነገር ያለው በሩ ላይ ነው፤ ወንበር ሲታጠፍ፣ ሰው «እንዴት ነሽ» ሲል። ከዚያ አንድ ስልክ ቁጥር ይዘሽ ውጪ። እኔን የያዘኝ ስብሰባው አልነበረም፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ደውዬ ያነሳልኝ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ቢያገረሽብኝ ያባርሩኛል?

መልስ፦ አያባርሩህም። ኤኤ አባል ለመሆን የሚጠይቀው የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። መዋጮም ግዴታ አይደለም። እኔ ሁለቴ ወድቄ ተመልሻለሁ፤ የተናገረኝ የለም፣ ወንበር ነው ያቀረቡልኝ።

ጥያቄ፦ የሚጠጣው ባለቤቴ ነው። ቡድን ግባ ብለው አይሰማኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ግቢ። አል አኖን የሚባለው ለቤተሰብ የተቋቋመ ነው፤ ከ1951 ጀምሮ አለ። እሱ እስኪሰማሽ መጠበቅ የለብሽም። እጁን ካነሳብሽ ግን ይሄ የቡድን ጉዳይ አይደለም፤ መጀመሪያ ራስሽንና ልጆችሽን አድኚ።

ጥያቄ፦ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። በቅርቤ ምንም የለም።

መልስ፦ እስከዚያው በዙም የሚደረጉ ስብሰባዎች አሉ፤ ሌሊትም ታገኛለህ። ቆይተህ ደግሞ ራስህ ጀምር፤ ሁለት ሰው ይበቃል። ኤኤ ራሱ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል፣ መጠጥ ካቆመ ወራት የሆነው ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ አክሮን ወደሚባል ከተማ ለሥራ ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ መጠጥ ቤቱ ይታየዋል። ወደዚያ ከመግባት ስልክ አነሳና የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ እንዲያገናኙት አብያተ ክርስቲያናት ጋ ደወለ። አፈላልገው ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር አገናኙት። ሐኪሙ የሰጠው 15 ደቂቃ ነበር። ስድስት ሰዓት ያህል አወሩ።