መልስ፦ ለጥገና የሚቀለው አሮጌው ሚክሰር ነው ወይስ አዲሱ?

ወንድሜ፣ ለአዳራሻችሁ ያገለገለ ባለሞጁል (በተናጠል የሚወጡ ቁራጮች ያሉት) ሚክሰር፣ ማለትም የድምፅ ማደባለቂያ፣ ይሻላል ወይስ አዲስ ብለሃል። በጥገና በኩል ከሆነ አሮጌው፣ ያውም ያለ ውድድር። የ1980ዎቹን ያማሃ ፒኤም3000 ተመልከት፤ እያንዳንዱ ቻናል (የአንድ ማይክ ወይም የአንድ መሣሪያ ድምፅ መስመር) ራሱን የቻለ ሞጁል ነው። 7ኛው ቻናል ዝም ካለ ኃይሉን አጥፍተህ፣ ብሎኖቹን ፈትተህ ያንን ብቻ ታወጣለህ። ጥፋቱ የሞጁሉ መሆኑን ለማረጋገጥም ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ማለዋወጥ ነው። በሞጁሉ ውስጥ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ትልልቅ ስለሆኑ በተራ የብየዳ ካውያ ይነቀላሉ።

በብዙዎቹ ርካሽ አዳዲስ ሚክሰሮች ግን ቻናሎቹ በሙሉ በአንድ ሰፊ ሰርኪዩት ቦርድ ላይ ተበይደዋል። አንዲት ፌደር (ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች መቆጣጠሪያ) ለመቀየር ማዞሪያውን ሁሉ መንቀል፣ ዳዶውን ሁሉ መፍታት ግድ ነው። (እኔ አንድ ጊዜ መልሼ ስገጥም የማዞሪያዎቹ ቀለም ተዘበራረቀብኝ፤ ባለቤቱ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።)

አሮጌው ግን ችግር የለውም አልልህም። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ማገናኛዎቹም ይዝጋሉ። ከመግዛትህ በፊት ለብቻው የተቀመጠውን የኃይል ማቅረቢያ አስፈትሽ፤ ሚክሰሩን የሚሸከሙልህ አራት ጎረምሶችም ፈልግ።