ከገብስ ቆሎ እስከ ደም ዓይነት፦ የባዮሎጂ ጥያቄዎቻችሁ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ካርቦሃይድሬት፣ ስለ ግላይኮፕሮቲንና ስለ ኤፒተልየም ያልገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ደጋግሞ የመጣውን እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ካርቦሃይድሬት ስኳር ከሆነ ገብስ ለምን አይጣፍጥም?

መልስ፦ ስኳሩ ስለተያያዘ ነው። ገብስ ውስጥ ያለው ስታርች ማለት ግሉኮስ የሚባለው ስኳር በብዛት እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ ነው፤ ምላስ ደግሞ ረጅሙን ሰንሰለት ጣፋጭ ብሎ አያውቀውም። እስቲ ጥቂት የገብስ ቆሎ ዘግነህ ሳትውጥ አላምጠው። መጀመሪያ ኮሽ ኮሽ ይላል፣ ከዚያ ይደቅቃል፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ይመጣል። ምራቅህ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ስታርቹን ቆራርጦ ማልቶስ የሚባል ስኳር እያደረገው ነው። ለጠላ ብቅል የምታበቅል እናት ይህን ታውቀዋለች፤ የበቀለው ገብስ ራሱ አሚሌዝ ስለሚያመነጭ ነው ብቅል ሲቀምሱት የሚጣፍጠው።

ጥያቄ፦ በጎቻችን ገለባ በልተው ይሰባሉ። እኛስ?

መልስ፦ ገለባው ውስጥ ያለው ሴሉሎስም ከግሉኮስ የተሠራ ነው፤ የተያያዘበት መንገድ ግን ይለያል፣ እኛ ደግሞ ያንን የሚፈታ ኢንዛይም የለንም። የሚገርማችሁ በጉም የለውም! ጨርጓራው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው የሚፈቱለት።

ጥያቄ፦ ወተት ሆዴን ይነፋኛል፣ እርጎ ግን ይስማማኛል።

መልስ፦ ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። እሱን የሚቆርጠው ኢንዛይም ካደግን በኋላ በብዙዎቻችን ይቀንሳል፣ ያልተፈጨው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይሆናል። እርጎ ሲረጋ ግን ከላክቶሱ የተወሰነው አስቀድሞ ወደ ላክቲክ አሲድ ተቀይሯል። መኮምጠጡም ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ነኝ፤ ግላይኮፕሮቲን ጭራሽ አልገባኝም።

መልስ፦ አይዞሽ። ፕሮቲን ላይ የስኳር ሰንሰለት ሲተከልበት ግላይኮፕሮቲን ይባላል። ስኳር ማገዶ ብቻ ነው ብለሽ ስለምታስቢ ነው የከበደሽ፤ እዚህ ጋ ስኳር መታወቂያ ነው። የደም ዓይነትን ውሰጂ። ቀይ የደም ህዋስ ላይ ካሉት ፕሮቲኖችና ቅባቶች ላይ የስኳር ሰንሰለቶች ወጥተዋል። ጫፉ ላይ ጋላክቶስ የሚባል ስኳር ከተጨመረ ቢ ነው፤ ኤን አሴቲል ጋላክቶሳሚን የሚባለው ስኳር ከተጨመረ ኤ፤ ሁለቱም ካሉ ኤቢ፤ ምንም ካልተጨመረ ኦ። አንዲት ስኳር ናት ልዩነቷ! የተሳሳተ ደም የተሰጠው ሰው ሊሞት የሚችለውም ሰውነቱ ይህችን ስኳር ባዕድ ብሎ ስለሚዋጋት ነው። የደም ዓይነቶችን ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር በ1901 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይፋ አደረገ፣ በ1930 ደግሞ ኖቤል ተሸለመበት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የምጋግረው በኩበት ነው፤ ጠዋት ጠዋት አክታ ያስቸግረኛል። የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

መልስ፦ እግዜር ይማርዎ፣ እማማ። የአየር ቧንቧችን ውስጡ ኤፒተልየም በሚባል ስስ ሽፋን ተለብጧል። ከህዋሳቱ አንዳንዶቹ ንፍጥ ያመነጫሉ፤ የንፍጡ ዋና ነገር ሙሲን የሚባል ግላይኮፕሮቲን ነው፣ ስኳሩ ውሃ ስለሚይዝ ነው የሚያሙለጨልጨው። ሌሎቹ ህዋሳት ሲሊያ የሚባሉ ጸጉር መሰል ነገሮች አሏቸው፤ አቧራና ጀርም የያዘውን ንፍጥ ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። ጭስ ሲበዛ ጠራጊዎቹ ይደክማሉ፣ ንፍጥ አመንጪዎቹ ደግሞ ይበዛሉ። ስለዚህ የቀረውን ጥረጋ ሳል ይሠራዋል። የሚቻል ከሆነ ደጅ ይጋግሩ፣ ካልሆነም ጭስ መውጫ ያስከፍቱ፣ ሕፃን አዝለው እሳት አጠገብ አይቀመጡ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የሳንባ ነቀርሳ አለመሆኑ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ እሾህ ጫር አድርጎኝ ደም አልወጣም። ለምን?

መልስ፦ የቆዳችን የላይኛው ሽፋንም ኤፒተልየም ነው፤ ኤፒተልየም ውስጥ ደግሞ የደም ሥር የለም። ምግቡን ከሥሩ ካለው ህብረ ህዋስ ነው የሚያገኘው። ደም ካየህ ጭረቱ ከሱ አልፏል።

ጥያቄ፦ የኤፒተልየም ዓይነቶችን እንዴት ልሸምድድ?

መልስ፦ አትሸምድድ፣ ሥራውን ጠይቅ። ሳንባ ላይ አየር ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ አንድ ረድፍና ጠፍጣፋ። አፍ ውስጥ ቆሎ ይፈጫል፤ ስለዚህ ድርብርብ፣ ላዩ ቢፋቅ ሥሩ ይተካል። የሽንት ፊኛ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ቅርጹን የሚቀያይር። ትንሹ አንጀት ምግብ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ረዣዥም ህዋሳት በአንድ ረድፍ፣ እነሱም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። ባለፈው እሑድ የነበረህ የአንጀት ሽፋን ዛሬ አብዛኛው የለም።