ግማሹ ኮርኒያ ሰማያዊ ከሆነ ጥፋቱ የቀለሙ ነው?

«ከቄራ ያመጣሁትን የበሬ ዓይን በትሪፓን ብሉና በአሊዛሪን ሬድ ስቀባ የኮርኒያው ኤንዶቴሊየም ግማሹ ሰማያዊ ሆነ፤ የሴሎቹም ወሰን አይታይም» ላልከው ወንድማችን፦

ኤንዶቴሊየም የኮርኒያው፣ ማለትም የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን፣ የውስጥ የሴል ንጣፍ ነው። ትሪፓን ብሉ የሞቱ ሴሎችን ሰማያዊ ያደርጋል፤ አሊዛሪን ሬድ የሴሎቹን ወሰን ቀይ አድርጎ ያሳያል። ቀለሙን ከመጠርጠርህ በፊት ሰማያዊው የያዘውን ቅርጽ እይ። መስመር መስመር ከሠራ ኮርኒያው ስትቆርጠው ታጥፏል። ዳር ዳሩን ከያዘ መቀሱ ወይም መቆንጠጫው ነው። መላው ላይ ከተበተነ ግን ሴሎቹ ቀድሞውኑ ሞተዋል፤ ዓይኑ ቆይቷል፣ ፍሪዘር ገብቷል ወይም በንጹህ ውሃ ታጥቧል። በሳላይን (0.9% የጨው ውሃ) በረጠበ ጋዝ ጨርቅ ጠቅልለህ 4 ዲግሪ ላይ አቆየው፣ በረዶ በቀጥታ አይንካው፣ በዚያው ቀን ጨርስ።

ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ሲቆረጥ ነው። ኮርኒያው ወደ ላይ ሆኖ ከተበሳ ፈሳሹ ይወጣና ኮርኒያው ከኋላው ያሉት አይሪሱና (ባለቀለሙ ክፍል) ሌንሱ ላይ ይለጠፋል። ኤንዶቴሊየሙ አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው፤ ያቺው ንክኪ ትበቃዋለች። ስለዚህ ዓይኑን ኮርኒያው ወደ ታች ሆኖ ስኒ አፍ ላይ አስቀምጥ፤ ከኮርኒያው ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀህ ነጩን ክፍል ዙሪያውን ቁረጥ፤ የኋላውን አንስተህ አይሪሱን በቀስታ ላጥ። መያዣህ ነጩ ጠርዝ ብቻ ይሁን።

ከዚያ ጎድጓዳው ኮርኒያ ራሱ ሳህን ይሆንልሃል። 0.25% ትሪፓን ብሉ ከዳር በፒፔት ጨምረህ 60 ሰከንድ ጠብቅ፣ በ0.9% ሳላይን አለቅልቅ፣ 0.2% አሊዛሪን ሬድ ኤስ 2 ደቂቃ፣ እንደገና አለቅልቅ። ጓንት አድርግ፤ ትሪፓን ብሉ ካንሰር አምጪ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

የወሰኑ ነገር የአሊዛሪኑ ጉዳይ ነው። አሊዛሪን የሚይዘው ካልሲየምን ስለሆነ ኮርኒያው ኢዲቲኤ (ካልሲየምን የሚነጥቅ ኬሚካል) ባለበት ፈሳሽ ከታጠበ የሚይዘው ያጣል። በሳላይን አሟሟው፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) ለክተህ 4.2 ላይ አድርስ። ካልሲየም በሌለው በፈር (ፒኤቹን የሚያጸና ፈሳሽ) ውስጥ ብዙ የቆየ ኮርኒያም የሴሎቹ መያያዣ ይላላል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር፦ ረግፈው የወደቁ ሴሎች ሰማያዊ አይሆኑም። ቦታቸው ባዶ ሜዳ ሆኖ፣ ያለ ሴል ወሰን፣ ቀይ ይቀባል። ሰማያዊውን ብቻ የቆጠረ ጉዳቱን አሳንሶ ይጽፋል።

ለመቁጠር ከጠርዙ ወደ መሃል አራት ቦታ ሰንጥቀህ ኤንዶቴሊየሙን ወደ ላይ ዘርጋው፣ ሳላይን ጠብ አድርገህ ኮቨር ስሊፑን (ስስ መሸፈኛ መስታወቱን) ሳትጫን አሳርፍ። ስንጥቁ አጠገብ አትቁጠር። የምትቆጥርበት ክፈፍ 0.1 በ0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነ በካሬ ሚሊ ሜትር ያሉትን ሴሎች ለማግኘት ቁጥሩን በ100 አባዛ፤ መስመር የነኩትን ሴሎች በሁለት ተጎራባች ጎኖች ብቻ ቁጠር፣ በሌሎቹ ሁለት ተዋቸው። ፎቶውን ሳይደርቅ አንሳ።