በፖሊስ የተደበደበ ሰው አቤቱታውን ለማን ያቅርብ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በአዲስ አበባ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ለሦስት ቀናት ታስሮ ሳለ «እመን» እየተባለ ተደብድቧል። በዋስ ከወጣ በኋላ ለጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ አመለከትን፤ ከወር በኋላ «ተጣርቷል፣ የተረጋገጠ ነገር የለም» ተብሎ በቃል ተነገረን። ፖሊስ ፖሊስን እንዴት ያጣራል? ወዴትስ እንሂድ? አቤቱታችን የወንድሜን ጉዳይ ያበላሽበት ይሆን?

መልስ፦ ለጣቢያው ማመልከታችሁ ስሕተት አልነበረም፤ ነገር ግን ኃላፊው ሊያይ የሚችለው የዲሲፕሊኑን ጉዳይ ነው። ነገሩ እንደገለጹት ከሆነ በወንድምዎ ላይ የተፈጸመው ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን ቃል ለማውጣት የሚደበድብ ወይም የሚያስፈራራ የመንግሥት ሠራተኛ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ፣ ከባድ ሲሆን ደግሞ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ድብደባው በአለቃ ትእዛዝ የተፈጸመ እንደሆነ አለቃው እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ስለዚህ የጣቢያው የቃል መልስ የወንጀሉን ጉዳይ አይዘጋውም። አቤቱታውን በጽሑፍ ለዐቃቤ ሕግ ያቅርቡ፤ የቀድሞውን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥልጣን የተረከበው ፍትሕ ሚኒስቴር የወንጀል ምርመራን የመምራት ሥልጣን አለውና።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። ሐኪም ቤቶች ብዙ ጊዜ ከፖሊስ ደብዳቤ ካልመጣ የሕክምና ማስረጃ አንጽፍም ይላሉ፤ በዚህም ምክንያት ተደብዳቢው ቁስሉን ለማስመዝገብ የደብዳቢውን መሥሪያ ቤት ደጅ ይጠናል፣ እስከዚያም ቁስሉ ይሽራል። ወንድምዎ እስካሁን ካልታከመ ዛሬውኑ ይታከም፣ ጉዳቱ በማን እና እንዴት እንደደረሰበትም ለሐኪሙ ይናገር፤ በካርዱ ላይ የሚሰፍረውን በኋላ ዐቃቤ ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ሊያስቀርበው ይችላል። አብረውት የታሰሩ ሰዎችን ስምና አድራሻም አሁኑኑ ይያዙ።

ጎን ለጎን ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ይቻላል። አቤቱታው በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ይቀርባል፣ የቤተሰብ አባልም ሊያቀርበው ይችላል። ሆኖም የኮሚሽኑ ውሳኔ ምክረ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አለመሆኑን ይወቁ። የጉዳት ካሣን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 ጥፋቱ የሥራ ጥፋት እንደሆነ መንግሥትንም ለመጠየቅ ይፈቅዳል፤ በመርሕ ደረጃ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት የወንጀሉን ውጤት ብቻ እየጠበቃችሁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ።

«ፖሊስ ፖሊስን እንዴት ያጣራል?» ላሉት፣ በእኔ እምነት ጥያቄዎ ከሕጉ ክፍተት ላይ ያነጣጠረ ነው። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የፀረ ማሰቃየት ስምምነት በአንቀጽ 12 እና 13 ፈጣንና ገለልተኛ ምርመራን፣ ለአቤት ባዩና ለምስክሮቹም ጥበቃን ያዛል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከፖሊስ ውጭ የሆነ መርማሪ ባለሥልጣን ስታቋቁም፣ እኛ ዘንድ ግን ፖሊስን ብቻ የሚመለከት እንዲህ ያለ ተቋም የለም። ተቋሙ እስኪቋቋም እንኳ ለእያንዳንዱ አቤቱታ የመዝገብ ቁጥር መስጠት፣ ምርመራውን ከተከሳሹ ጣቢያ ማውጣትና ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እርስዎም የቃሉን መልስ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉም የማመልከቻዎን ቅጂ ገቢ ከሆነበት ቀን ጋር ይያዙ።

ስለ ስጋትዎ፦ በፖሊስ ላይ አቤት ማለት ዋስትናን ለማንሳት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) መሠረት በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት ስለሌለው፣ ወንድምዎ ተደብድቦ የሰጠው ቃል በመዝገቡ ካለ ጠበቃው መቃወሚያውን ቃሉ በማስረጃነት በቀረበበት ቀን ያንሳ፤ የሐኪም ካርዱም ያን ጊዜ ያስፈልገዋል።