«ሪች ማይ ፉል ፖቴንሻል» ወይስ «ሪች ቱ»?

እህቴ ከመሐል ሜዳ፣ ለስኮላርሺፕ ደብዳቤሽ «ሪች ቱ ማይ ፉል ፖቴንሻል» ልበል ወይስ «ቱ»ን ላውጣት ብለሽ ጠይቀሻል። አውጫት። እኛ «ወደ ሙሉ አቅሜ ልድረስ» ስለምንል «ወደ»ዋ ሾልካ እንግሊዝኛው ውስጥ ትገባለች። «ሪች» ግን አይፈልጋትም። «ፉልፊል» ብትዪም ያው ነው። «ሊቭ አፕ ቱ» ካልሽ ብቻ «ቱ» የግድ ናት።

እኔን ጉድ የሠራኝ ግን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ስሠራ፣ የበግ ጠጉር ፈትለው ለባና ለሚያቀርቡ የመንዝ ሴቶች የድጋፍ ማመልከቻ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ወረዳውን «ኤ ፖቴንሻል ወረዳ» አልኩት። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናወራው፤ ሀብት ያለው ቦታ ሁሉ «ፖቴንሻል» ነው። ያነበበው ፈረንጅ ዳር ላይ «ታዲያ አሁን ምንድን ነው?» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ገባኝ። በእንግሊዝኛ «ፖቴንሻል» ከስም በፊት ሲመጣ «ገና ያልሆነ፣ ሊሆን የሚችል» ማለት ነው። «ፖቴንሻል ከስተመር» ገና ያልገዛ ደንበኛ ነው። እኔ ደግሞ ስንት ዘመን ግብር የሰበሰበውን ወረዳ ገና ወረዳ ያልሆነ አደረግኩት! «ዘ ወረዳ ሃዝ ግሬት ፖቴንሻል ፎር ዉል ፕሮዳክሽን» ማለት ነበረብኝ። ስም ሲከተል «ፎር»፣ ግስ ሲከተል «ቱ»፦ «ሃዝ ዘ ፖቴንሻል ቱ ግሮው»። «አይ አም ፖቴንሻል» የሚል ደብዳቤም አይቻለሁ፤ አቅም አለኝ ለማለት «አይ ሃቭ ፖቴንሻል» ነው።

«እምቅ አቅም»ንም ቃል በቃል «ፖቴንሻል ካፓሲቲ» አትበዪው። እምቅነቱ «ፖቴንሻል» ውስጥ አለ። ስለ ራስሽ ችሎታ ስትጽፊ ደግሞ «ፖቴንሻልስ» ብለሽ አታብዢው።

ሐረጉ ደብዳቤሽ ውስጥ አራት ቦታ አለ ብለሻል። ኧረ በዛ! ደብዳቤ የሚያነቡ ሰዎች «ፉል ፖቴንሻል» ሰልችቷቸዋል። አንዱን ተዪውና ሦስቱን አውጪ። በቦታቸው ተምረሽ ስትመለሺ መሐል ሜዳ ላይ ምን ልትሠሪ እንዳሰብሽ ጻፊ።