ቀለሙ ከማሽኑ ይቀድማል፤ ስለ ፕሪንተር ምርጫ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ከየከተማው ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ስለ ፕሪንተር ግዢና አጠቃቀም የሚያነሡት በርከት ብለው ስላገኘኋቸው የዛሬውን አምድ ለእነርሱ ብቻ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ልከፍት ነው። ሥራው በአብዛኛው ፈተና፣ ማመልከቻና የመታወቂያ ኮፒ ይሆናል። ሌዘር ልግዛ ወይስ ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላውን?

መልስ፦ ሥራው ጥቁርና ነጭ ከሆነና ደንበኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅዎ ከሆነ፣ ስካነር ያለው ሌዘር ይግዙ። ዋጋ ሲጠይቁ ግን ከማሽኑ በፊት የቶነሩን፣ ማለትም የዱቄት ቀለሙን፣ ይጠይቁ፤ ከዚያም የቶነሩን ዋጋ ለሚያወጣው ገጽ ብዛት ያካፍሉት። በየጽሕፈት ቤቱ የሚታየው የኤችፒ 85ኤ ቶነር፣ ለምሳሌ፣ 1,600 ገጽ እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ግን ከገጹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በቀለም ሲሸፈን ነው፤ እርሱም አንዲት አጭር ደብዳቤ እንደማለት ነው። ከዳር እስከ ዳር የተጻፈ የፈተና ወረቀት ከዚህ በላይ ይበላል። ከሁሉ የሚብሰው የመታወቂያ ኮፒ ነው፤ የሚሠራልዎ ልጅ ቸኩሎ የስካነሩን ክዳን ሳይከድን ቁልፉን ሲጫን የወረቀቱ ዙሪያ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ጥቁር የእርስዎ ቶነር ነው። ከማሽኑ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ቶነርም ብዙ ጊዜ ሙሉ ስላልሆነ፣ ቶሎ ሲያልቅ ተታለልሁ ብለው ከሻጩ ጋር እንዳይጣሉ።

በጠርሙስ የሚሞላው ዓይነት በገጽ ሲሰላ ይረክሳል። የኤፕሰን ኤል3250 አንድ የጥቁር ጠርሙስ 4,500 ገጽ፣ ሦስቱ የቀለም ጠርሙሶች በአንድነት 7,500 ገጽ ያህል ያወጣሉ። ፍጥነቱ ግን በደቂቃ 10 ገጽ ገደማ በመሆኑ፣ ለፈተና ሰሞን ሰልፍ አይመችም። እኔ ብሆን በሌዘሩ ጀምሬ፣ የባለ ቀለም ሥራ ሲበረክት ሁለተኛውን እጨምር ነበር።

ደግሞ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት በከተማው ሦስት ሱቅ ገብተው «የዚህ ማሽን ቶነር አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ከዓመታት በፊት በርካሽ ያገኘሁት አንድ ፕሪንተር ቀለሙ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ስላልተገኘለት፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሁሉ አደራ ስል ከርሜ፣ ዛሬ የሬዲዮ ማስቀመጫ ሆኖልኛል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በፍኖተ ሰላም ነው። ለልጆቼ የቤት ሥራ የገዛሁት ባለ ቀለም ፕሪንተር አንድ ወር ሳልጠቀምበት ቆይቼ ሳትም መሥመር መሥመር እየዘለለ ነጭ ይተዋል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ቀለሙ ደርቆ ነው። ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ማሽኑ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ቀለም የሚረጨውን ጭንቅላት ወደ ጥግ ወስዶ ቀዳዳዎቹን በላስቲክ ይከድናል። ሶኬቱን ሲነቅሉት ወይም በሥራ መካከል መብራት ሲሄድ ግን ጭንቅላቱ እመንገድ ላይ ክፍቱን ይቀራል። ስለዚህ መብራት ሲመጣ አብርተው በቁልፉ ያጥፉት፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ ያትሙ። ለአሁኑ ከማሽኑ ምርጫዎች ውስጥ የጭንቅላት ማጽጃውን አንድ ሁለት ጊዜ ያሠሩት፤ አሥር ጊዜ አያሠሩት፤ ማጽጃውም የሚሠራው በዚያው ቀለም ነውና። ከዚህ በኋላ በወር አምስት ገጽ ብቻ የሚያትሙ ከሆነ ቶነር ስለማይደርቅ ትንሽ ሌዘር ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በምንሠራበት ቢሮ ሌዘሩን መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በሚያቆየው ባትሪ፣ በዩፒኤስ ላይ ሰክተነዋል። ማተም ስንጀምር ዩፒኤሱ ይጮኽና ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የአሰካኩ ነው። ሌዘር ፕሪንተር የቶነሩን ዱቄት በወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚግል ሲሊንደር ነው፤ በሚግልበት ቅጽበት የሚስበው ኃይል በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ስለሆነ ለኮምፒውተር የተገዛ ትንሽ ዩፒኤስ አይችለውም። ኮምፒውተሩን በዩፒኤሱ ይተዉት፤ ሌዘሩን አቅሙ በሚመጥን ስታቢላይዘር በኩል ከግድግዳው ይስኩት። መብራት በሌለበት ሰዓትም ማተም ግድ ከሆነባችሁ፣ ጥቂት ዋት ብቻ የሚፈልገውን ባለ ጠርሙሱን ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «አማርኛ ያትማል» ብሎኝ ገዛሁ፤ ደንበኛ በቴሌግራም የላከልኝ ጽሑፍ ግን የላቲን ፊደል ሆኖ ወጣ።

መልስ፦ ፕሪንተር ቋንቋ አያውቅም፤ ኮምፒውተሩ የሰጠውን ያትማል። ጽሑፉ የተጻፈው የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ከገባበት ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን ከሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውጪ በሆነ የቀድሞ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ነው፤ ያ ፎንት በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ እንዲህ ሆነ። ደንበኛው ፋይሉን ፎንቱን አብሮ በሚይዘው በፒዲኤፍ እንዲልክልዎ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ነኝ። በክረምት ፕሪንተሬ ወረቀት ሁለት ሁለቱን እየሳበ ይነክሳል፤ ማሽን ልቀይር?

መልስ፦ ወረቀቱን ከእርጥበት ይጠብቁ እንጂ ማሽኑን አይቀይሩ። የተከፈተ ደስጣ እርጥበት ይጠጣና ይጣበቃል፣ ይጠቀለላልም። የዕለቱን ያህል ብቻ አውጥተው የቀረውን በላስቲክ ጠቅልለው ከወለል ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ወደ ማሽኑ ከመክተትዎ በፊትም ጠርዙን በአውራ ጣትዎ ያራግፉት።

ጥያቄ፦ በቢቸና አካባቢ የቅኔ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ የጸሎት መጽሐፍ ማተም እሻለሁ፤ የቅዱሳን ስም እንደ ብራናው በቀይ እንዲሆን፣ በዝናብም እንዳይፈስ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የኔታ፣ ቀይ ከፈለጉ ጥቁር ብቻ የሚያትመው ሌዘር ከምርጫው ወጣ። ባለ ቀለም ሌዘር ሁለቱንም ያሟላልዎታል፤ ቶነር በሙቀት የሚቀልጥ የፕላስቲክ ዱቄት በመሆኑ ውኃ አያስለቅቀውም፤ አራት ቶነር ስለሚፈልግ ግን ወጪው ከባድ ነው። ባለ ጠርሙሱ ይቀልላል፤ ሆኖም ብዙው ቀለሙ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ጠብታ ሲነካው ይፈስሳል። እዚህ ላይ ቀይ የሚባል ጠርሙስ እንደሌለ ይወቁ፤ ቀዩ የሚገኘው ከማጀንታ (ወደ ሐምራዊ ከሚያደላው ቀለም) እና ከቢጫ ቅልቅል ስለሆነ፣ የቅዱሳኑ ስም ሲበዛ ቀድመው የሚያልቁት እነዚያ ሁለቱ ናቸውና ትርፍ ያስቀምጡ። ተማሪዎችዎ መጽሐፉን በትከሻቸው አንግተው በክረምት የሚጓዙበት ከሆነ ግን፣ ጥቂት ቅጂ ቢሆንም ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ባለ ቀለም ሌዘር ካለው ቤት ቢያሳትሙት ማሽን ከመግዛት ይሻልዎታል።