ሦስተኛ ቦርድ ከመግዛትሽ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምስት ኪሎ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። አራት ኪሎ ያለው የአያቴ ግቢ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ፣ ከመሬት ታንከር ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ አለን። ፓምፑ በራሱ እንዲነሳና እንዲቆም በአርዱዊኖ ኡኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ)፣ ባለ ሁለት ሪሌይ ቦርድ (ሪሌይ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ነው፤ አንዱ ለፓምፑ፣ አንዱ ለቫልቩ) እና በትንሽ ኤልሲዲ ማሳያ መቆጣጠሪያ ሠራሁለት። ጠዋት ሲበራ ደህና ነው፤ ሩብ ሰዓት ሲሞላው ኤልሲዲው ይጠፋል፣ ፓምፑም ይቆማል። ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል። የሠፈር ቴክኒሻን «ግሎ ነው» ብሎ ብረት ለጠፈበት፤ አልተሻለውም። ዋይፋይ ባለው ኢኤስፒ32 ቦርድ ቀየርኩት፤ እሱ ጭራሽ ዋይፋይ ሊይዝ ሲል እንደ አዲስ ይነሳል፣ የፍሎቱንም (ውሃው መሙላቱን የሚናገረው ተንሳፋፊ) ምልክት ያዘባርቃል። አሁን የትኛውን ቦርድ ልግዛ? ፒኮ፣ ብሉ ፒል ወይስ ኦሪጅናል አርዱዊኖ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አትግዢ። «ሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ይጠፋል፣ ሲያርፍ ይነሳል» ያልሽው ነገሩን ጨርሶልኛል። የፕሮግራም ስህተት ቢሆን ዕረፍት አያድነውም ነበር፤ ቺፑ ተቃጥሎ ቢሆን ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። አርፎ የሚነሳ ዕቃ የጋለ ዕቃ ነው። አልጻፍሽልኝም እንጂ ኡኖውን የምታበሪው በክቡ ጃክ በኩል በ12 ቮልት አዳፕተር ነው፤ የሪሌዮቹንና የኤልሲዲውን 5 ቮልት ደግሞ እዚያው ቦርዱ ላይ ካለው 5 ቮልት ፒን እየወሰድሽ ነው። ካልሆነ ጽፈሽ ውቀሺኝ።

ወደ ሥራው ከመግባትሽ በፊት፦ የፓምፑ 220 ቮልት እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ብሬከሩን ሳታወርጂ ክዳኑን አትንኪ። «መብራት የለም እኮ» ብለሽ ካቻቢቴ እንዳታነሺ፤ የሄደ መብራት ሲመለስ ደውሎ አይመጣም። መብራት በሌለበት ሰዓት ቴስተሩም ዜሮ ነው የሚልሽ፣ ስለዚህ የሚያድንሽ የወረደው ብሬከር ብቻ ነው።

አሁን ክቡ ጃክ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጥቁር አይሲ እዪ፤ በአንድ ጎኗ ሦስት እግር፣ በሌላው ሰፊ ምላስ ያላት። 12ቱን ቮልት ወደ 5 የምታወርደው ሬጉሌተር እሷ ናት፤ ብዙ ጊዜ 1117 የሚል ቁጥር ይጻፍባታል። ዙሪያዋ ያለው የቦርዱ ቀለም ወደ ቡኒ ከሄደ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ስለ እሷ ትንሽ ላውራ፤ ሱቄ «ሞተ» ተብሎ ከሚመጣው አርዱዊኖ ብዙውን የጣለችው እሷ ናት። ሊኒየር ሬጉሌተር ትርፉን ቮልት በሙቀት ነው የሚጥለው። 12 ብር ተቀብሎ የ5 ብር ዕቃ ሰጥቶ፣ መልሱን 7 ብር እሳት ውስጥ የሚጨምር ባለሱቅ በይው። ስንት እንደሚጨምር አብረን እናስላ። አንድ የተለመደ የ5 ቮልት ሪሌይ ሲይዝ ኮይሉ (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) 70 ሚሊአምፒር ያህል ይስባል፤ ሁለቱ 140። ኤልሲዲው ከነመብራቱ 25 ገደማ፣ ቦርዱ ራሱ 50 ገደማ፤ በድምሩ 215። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በሷ ውስጥ ነው። 7 ቮልት በ0.215 አምፒር ሲባዛ 1.5 ዋት ይመጣል። 1.5 ዋት ለአምፖል ምንም አይደለም፤ ከትንሿ ጣት ጥፍር ላነሰች አይሲ ግን ከባድ ሸክም ነው። ሙቀቷን የምታስወጣው በዚያች ሰፊ ምላስ ወደ ቦርዱ መዳብ ነው፤ የርካሾቹ ቦርዶች መዳብ ደግሞ ጠባብና ስስ ስለሆነ በያንዳንዱ ዋት 60፣ 80፣ አንዳንዴም 100 ዲግሪ ትጨምራለች። ወደ 165 ዲግሪ ስትጠጋ ራሷን ታጠፋለች፤ እንዳትቃጠል ፋብሪካው ያበጀላት መከላከያ ነው። ስትበርድ ትከፍታለች። ያንቺ ሩብ ሰዓት ይህ ነው። ጠዋት ደህና የሚሆነው የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ስለሆነ ነው፤ ቀን ግን ሳጥኑ ከቆርቆሮ ሥር ይጋገራል። ደግሞ እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙም የሳሳ ነው። አዳፕተሩን በ9 ቮልት ብትቀይሪው እንኳ 7ቱ 4 ይሆንና ሙቀቱ ወደ 0.86 ዋት ይወርዳል። ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ግምቴ ትክክል ከሆነ ቶሎ አይጠፋም።

ቴክኒሻኑ ብረቱን የለጠፈው በሱፐር ግሉ የላይኛው ፕላስቲክ ላይ ነው አይደል? ሙቀቱ በዚያ በኩል አይወጣም፤ ማጣበቂያው ራሱ ብርድ ልብስ ነው የሆነባት። ይባስ ብሎ፣ ሰፊዋ ምላስ ብዙዎች እንደሚመስላቸው ግራውንድ አይደለችም፤ 5 ቮልት ናት። ያ ብረት ተንሸራትቶ ምላሷንና የዩኤስቢውን ቅርፊት አንድ ላይ ቢነካ ሾርት ነው። በጥንቃቄ አንሺው። 220ውን ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ ከቦርዱ ጎን ከተወውም አልገረምም፤ ከምከፍተው ሳጥን ስንቱ እንደዚያ ነው። ቆርጠሽ ብሎን ባለው ተርሚናል እሰሪው፣ ከቦርዱም አርቂው።

መፍትሔው ባክ ኮንቨርተር ነው፤ ኤልኤም2596 የሚባለው ቦርድ መርካቶ አይጠፋም። ቮልቱን እየቆራረጠ ስለሚያወርድ ትርፉን በሙቀት አይጥለውም። መጀመሪያ ከአዳፕተሩ ጋር ብቻውን አገናኚው፣ ቴስተሩን መውጫው ላይ ያዢ፣ የናሷን ብሎን 5.0 እስኪል አዙሪ። ብዙ ዙር ያለምንም ለውጥ ሊዞር ይችላል፤ ተበላሽቷል ብለሽ አትጣይው። 5.0 ሳይል ቦርዱን እንዳታስነኪው። ከዚያ መውጫውን ኡኖው 5 ቮልት ፒን ላይ አስገቢ፤ ቪን የሚለው ፒን ላይ አይደለም። ፕሮግራም ልትጭኚ ዩኤስቢ ስትሰኪ ይህን የ5 ቮልት ሽቦ ንቀዪ። ሪሌይ ቦርዱ ላይ ጄዲ-ቪሲሲ የሚል ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ ቆብ) ካለ አውጪውና ለኮይሎቹ በቀጥታ ከኮንቨርተሩ ስጪያቸው።

ኤልኤም2596 የተጻፈበት ሁሉ ኤልኤም2596 እንዳይመስልሽ። ትክክለኛው በ150 ኪሎኸርዝ ይሠራል፤ በገበያ ከሞሉት አስመሳዮች ብዙዎቹ 50 አካባቢ ናቸው፣ ቶሎም ይግላሉ። 3 አምፒር ቢልሽ 1 አምፒር ብቻ እመኚው፤ ላንቺ ሥራ ይበቃል። አዳፕተሩም እንደዚያው ነው፤ 2 አምፒር ተብሎ እንደ ባዶ ክብሪት ሣጥን የቀለለውን መልሺላቸው።

ኢኤስፒ32ም በሽታው ያው ነው፣ መልኩ ነው የተለወጠው። ዋይፋይ ሲልክ በቅጽበት 240 ሚሊአምፒር ያህል ይስባል፤ ፋብሪካው ራሱ ቢያንስ 500 የሚሰጥ ፓወር አዘጋጁለት ይላል። በቀጭን የስልክ ገመድና በርካሽ ቻርጀር ስታበሪው በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ይወርድና ቺፑ ራሱን ሪሴት ያደርጋል። ላፕቶፕ ላይ ሴሪያሉን ብትከፍቺ ብራውንአውት (ቮልት ወረደ) የሚል መልእክት ታያለሽ። ከዚያው ኮንቨርተር አጭርና ወፈር ባለ ሽቦ አብሪው፣ 5 ቮልቱና ግራውንዱ መካከል ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሪ። የፍሎቱ መዘባረቅ ግን የፓወር አይመስለኝም፤ ከ34 እስከ 39 ካሉት ፒኖች በአንዱ ላይ ነው ያሰርሽው። እነዚያ መቀበል ብቻ ነው የሚችሉት፣ ውስጣዊ ፑልአፕም (ምልክቱን ወደ ላይ ስቦ የሚይዝ ሬዚስተር) የላቸውም። ወይ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት ሳቢው፣ ወይ ወደ 32 ወይም 33 አዛውሪው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው እጅሽ ላይ ያለውን ኡኖ ነው። 16 ሜጋኸርዝ፣ 2 ኪሎባይት ሜሞሪ ሲባል ዛሬ ያስቃል፤ ግን ሁለት ፍሎት አይቶ አንድ ፓምፕ ለማስነሳት ምን ይጎድለዋል? ሙሉ በሙሉ የ5 ቮልት ቦርድ ስለሆነ ከሪሌይ ቦርዱ ጋር ይግባባል። ኢኤስፒ32 በ3.3 ቮልት ስለሚናገር አንዳንድ የ5 ቮልት ሪሌይ ቦርድ በደንብ አይዘጋለትም። ሮቶው መሙላቱ በስልክሽ ይታይ ካልሽ ግን ኢኤስፒ32ን የሚያህል የለም፣ ገዝተሽዋል ደግሞ። ፒኮ ጥሩ ቦርድ ነው፤ ሁለት ኮር፣ 264 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ ለትምህርት እወደዋለሁ። እሱም ግን 3.3 ቮልት ነው፣ ደብልዩ የሌለበት ፒኮ ዋይፋይም የለውም፤ ስለዚህ እዚህ ምንም አይጨምርልሽም። ብሉ ፒልን ተዪው። ቺፑ አስመሳይ የሆነበት ብዙ ነው፣ ዩኤስቢው ላይ የተሳሳተ ሬዚስተር ተበይዶ የሚመጣም አለ፤ ግማሹ ጊዜሽ ቦርዱን በማከም ያልቃል። ኦሪጅናል ከተባለ ኡኖ አር4 ከ6 እስከ 24 ቮልት የሚቀበል ባክ ኮንቨርተር ከነራሱ ይዟል፤ ችግርሽን ይፈታል፣ ግን የአንዲት ትንሽ ኮንቨርተርን ሥራ ለማሠራት ያን ሁሉ ብር አላስወጣሽም።

አንድ ያልጠየቅሽኝ አለ። ያቺ ሰማያዊ ሪሌይ ላይ የተጻፈው 10 አምፒር ለምድጃ ዓይነት ዕቃ ነው። የ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 5 አምፒር ገደማ ቢወስድም ሲነሳ የዚያን ብዙ እጥፍ ይጎትታል። አንድ ቀን የሪሌዩ ኮንታክት (የሚገጥመውና የሚለያየው ብረት) ተበይዶ ይቀራል፤ ያኔ ፕሮግራምሽ «አቁም» ቢልም ፓምፑ አይሰማም፣ ሮቶው ሞልቶ ግቢው ይጥለቀለቃል ወይም ታንከሩ ደርቆ ፓምፑ ይቃጠላል። በመሐል ኮንታክተር (ለሞተር የተሠራ ትልቅ ሪሌይ) አስገቢ፤ ሪሌዩ የኮንታክተሩን ኮይል ብቻ ይንዳ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። ሪሌዩም ኮንታክተሩም የሚቆርጡት ፌዙን ይሁን እንጂ ኒውትራሉን አይሁን፤ ኒውትራል ተቆርጦ የቆመ ፓምፕ እንደቆመ ሰው ይገድላል። ይህን ስትሠሪም ብሬከሩ ይውረድ፤ አውርድ ብለሽ የላክሽው ልጅ «አውርጃለሁ» ቢልሽ ራስሽ ሄደሽ እዪው። ኮንታክተሩን ስትገዢ ደግሞ ጎኑ ላይ የኮይሉን ቮልት አንብቢ፤ 220 ብለሽ ጠይቀሽ 24 ወይም 380 ሊሰጡሽ ይችላሉ።